የአንዲት አምፖል ዜና ዕረፍት

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12፣ 1985

በዘመድኩን የጭነት መኪና ዳሽቦርድ ላይ ለረጅም ዓመታት በቅንነትና በታማኝነት ስታገለግል የቆየችው፣ ቁመቷ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቢጫ አምፖል፣ ባደረባት ድንገተኛ ሕመም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሲያትል ወጣ ብሎ ቱክዊላ በሚገኘው የጋራዣችን ግቢ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። አሟሟቷ ተፈጥሯዊ ነው። ነፍሷ ስትወጣ በአልጋዋ አጠገብ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለፍሬኑ፣ ለሽቦዎቹና ለወዳጆቿ ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ።

መግለጫ ያለ ማብራሪያ አይሆንም። ዘመድኩን የባለቤቴ የማንአልሞሽ ታናሽ ወንድም ነው። በኦገስት ከኤቨረት አንድ ያገለገለ ትራክ ከነተሳቢው ገዛ። ያንን እንዲገዛ የመከርኩት እኔ ነኝ። አጠገቡ ሞተሩ የተሻለ ሌላ ትራክ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን "ይሄኛው አንቲሎክ አለው" አልኩ። አልኩና በዚያም አልበቃኝም። በአንድ ሰርግ ላይ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ሰው እየሰማኝ፣ ሹካውን ትራክ ቢላዋውን ተሳቢ አድርጌ አስረዳሁ። ተራ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማውን ይቆልፋል። የተቆለፈ ጎማ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ያኔ ተሳቢው ከኋላ ዞሮ ይመጣና ጋቢናውን ይመታል። አንቲሎክ ግን ጎማው ሊቆለፍ ሲል በራሱ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ ያደርጋል። "አንተ ረግጠህ ያዝ፤ ማሰቡን ለሱ ተውለት። የሚያስብ ፍሬን ነው" አልኩት። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ስሜ ኢንጂነር ንዋይ ሆነ። ጋራዥ ውስጥ ስሜ "ሄይ" ነው።

ሟቿ የምትበራው የሚያስበው ፍሬን ማሰብ ሲያቆም ነበር። ከተገዛ ጀምሮ ጠፍታ አታውቅም። ነገ ትራኩ ላይ ስለሚጸለይ ዘመድኩን ጠዋት አምጥቶ ቁልፉን ሰጠኝና "ጋሼ ንዋይ፣ ይቺን መብራት ዛሬ ጨርሳት" ብሎኝ ሄደ።

ጨረስኳት።

እሁድ፣ ኦክቶበር 13

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ አንድ ቀን የሚጠይቀኝ አይጠፋም።

ትራኩን እኔው ነድቼ ቼሪ ጎዳና ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ፓርክ አደረግኩት። ለዘመድኩን ቁልፉን ስመልስለት መዝሙር ተጀምሮ ነበር። በቅንድቡ "እንዴት ሆነ?" አለኝ። እኔም በትከሻዬ አንድ ነገር መለስኩለት። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ "ሠርቼዋለሁ" ልለው፣ ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ በእርግጥ ልሠራው። ትከሻዬ ግን ዕቅዱን አልሰማም መሰለኝ፣ ዘመድኩን "አልተሳካም" ብሎ ተረዳው።

ሶ፣ አምልኮው አልቆ ምእመኑ ሁሉ ትራኩን ሲከብ፣ ዘመድኩን ጋሽ ገመዳን ጮክ ብሎ ለመናቸው፤ አንዲት የፍሬን መብራት አለች፣ ኢንጂነሩንም አስቸግራለች፣ እሷንም በጸሎት ያስቡልኝ አላቸው። ጋሽ ገመዳ ሽማግሌያችን ናቸው። በሥራ ቀን የሆስፒታል አንሶላ ያጥባሉ፤ እሁድ ግን እጃቸውን እንዲጭኑበት ሰው ይሰለፋል። ሁለት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ለሞተሩም ለጎማውም ለመንገዱም ለሹፌሩም ለመብራቷም ጸለዩ። ዘመድኩን ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

መጀመሪያ ሞተሩ ተነሣ። ቀጥሎ የትራኩ ጡሩምባ ጮኸ። ቀጥሎ ዘመድኩን ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፦

"ጠፋች! ኢንጂነር ያቃተውን ጌታ ሠራው!"

እልልታው ጃክሰን ጎዳና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አፌን ከፈትኩ። አምፖሏ ትናንት ማረፏን ላሳውቅ ነበር። የወጣው ግን "አሜን" ነው፤ ያውም ከሁሉም የጎላ።

ቤት ስንገባ ልጄ "ዳዲ፣ ኢዝ ጎድ ኤን ኤሌክትሪሽያን?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እግዚአብሔር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ወይ ማለቷ ነው። ምሳሽን ብይ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ዌንደል የሚባል ሸበቶ መካኒክ አብሮኝ ይሠራል። በምሳ ሰዓት በድሮ ትራኮች ላይ ስላለው አንቲሎክ እንደ ዘበት ጠየቅኩት። ሳንድዊቹን ሳያስቀምጥ ሳቀ። መንግሥት በሰባዎቹ አስገድዶ አስገጠመው፣ ፍርድ ቤት ግዴታውን አነሳው፣ ከዚያ ወዲህ ባለትራክ ሁሉ ሽቦውን እየነቀለ ነው የሚነዳው አለኝ። አንቲሎኩን የሚያዘው ሳጥን ውኃ ይገባበታል፣ ሽቦው ይዝጋል። አንዳንዱማ ሹፌሩ በመገናኛ ሬዲዮ ሲያወራ ፍሬኑን በራሱ ጊዜ ይለቅ ነበር። የሚያስብ ፍሬን ብዬ የሰበክኩት ወሬ የሚያዳምጥ ፍሬን ኖሯል።

ሲሞት ምን ይሆናል አልኩት።

"ምንም። ተራ ፍሬን ይሆናል። ሹፌሩ ተራ መሆኑን ካወቀ ምንም ችግር የለውም።"

ምንም ችግር የለውም። ይህንን ይዤ ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። "ካወቀ" የምትለዋ ቃል ግን ትንሽ ቆይታ ተከተለችኝ፤ እስከ ቤት በአውቶቡስ አብራኝ መጣች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

አስከሬኗ ከሥራ ሸሚዜ ኪስ ጠፍቷል። ለመታሰቢያ ነበር የያዝኩት። ማንአልሞሽ ሸሚዙን አጥባ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ኪሱ ባዶ ነው። አልጠየቅኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም።

እሁድ፣ ኦክቶበር 20

ዘመድኩን ዛሬ መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ። ልጁ መናገር ይችላል፤ አምፖሏ በእሱ አፍ የመኪና ፋኖስ አክላለች። ሲጨርስ "የተማረ ምስክር አለኝ፤ ኢንጂነሩ ይናገር" አለ። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

ተነሣሁና ጠበቃ የሚቀናበት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፦ "እኔ ላረጋግጥ የምችለው፣ መብራቷ አሁን እንደማትበራ ነው።"

ተመርምሮ አንድ ውሸት አይገኝበትም። አዳራሹ ተናወጠ። ስቀመጥ ማንአልሞሽ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ፤ በኩራት። አሁን ማታ ላይ ይህን ስጽፍ ያ ጉልበት ይፋጀኛል።

ውሳኔ፦ የአንቲሎኩን ሳጥን በድብቅ እሠራለሁ። ያኔ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ይሆናል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

ግሪስ ላስገባልህ ብዬ ትራኩን ተቀበልኩት። ሥሩ ገባሁ። ሳጥኑን ስከፍተው ውኃው ፊቴ ላይ ፈሰሰ፤ የጎደለው ዓሣ ብቻ ነው። ሽቦዎቹ አረንጓዴ ሆነዋል፣ ስነካቸው ይረግፋሉ። ያረጁ መኪናዎች ወደሚፈርሱባቸው ቦታዎች ሁሉ ኮል አደረግኩ። አንዱ ሰውዬ የምፈልገውን ስነግረው "ለምንድነው የምትፈልገው?" አለኝ፤ በእውነት አዝኖልኝ።

ግሪሱን ግን አስገብቻለሁ። ይመዝገብልኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ጋሽ ገመዳ ቤታቸው አስጠሩኝ። ሳሎናቸው ገብቼ መቀመጫ አጣሁ። ሁለት ቶስተር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ቴሌቪዥን። ሰው ጸልዩበት እያለ ጥሎላቸው ይሄዳል። የእኅት አስካለ ዳትሰን መኪና ደግሞ ደጃፋቸው ቆሟል፤ እሳቸው እምቢ ቢሏትም ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ሳይጭኑ ላትወስደው ምላለች። እየሳቅኩ ነበር፣ እስኪያዩኝ ድረስ።

"ወንድም ንዋይ፣ እኔ ስጸልይ ዓይኔ ተጨፍኖ ነበር" አሉኝ። "መብራቷ ስትጠፋ አላየሁም። ዓይኑ የተገለጠ ሰው ምን አየ?"

ሻዩን አነሳሁ። ትኩስ ነው አልኩ። ቀዝቅዞ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

እሳቸው አልጨቀጨቁኝም። በልጅነታቸው የታመመ ሲድን "የጸለየው እገሌ ነው" የሚል ሰው ቢያዩ ከዚያ ቤት ይወጡ እንደነበር አጫወቱኝ። ከዚያ እስከ በር ሸኙኝ፣ ቶስተር እየተሻገርን።

እሁድ፣ ኖቬምበር 10

ሞከርኩ። ማንም ሞከረ ሊለኝ ባይችልም ሞክሬያለሁ።

ከአምልኮ በኋላ ዘመድኩንን ቱክዊላ የገበያ ማዕከሉ ሰፊ ፓርኪንግ ድረስ ወሰድኩትና፣ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፣ በረዶ ላይ ፍሬኑን ቀስ እያለ እየረገጠ እንዲለቅ መከርኩት። ረግጠህ ያዝ ያልኩት ነገር ለሁሉም ጊዜ አይሆንም አልኩት። ማሽን ማሽን ነው አልኩት። አንዳንድ ጊዜ፣ በአንዳንድ ሁኔታ፣ አንዳንድ ማሽኖች አልኩት። ሦስት አንዳንድ በአንድ ትንፋሽ ስናገር ራሴን ሰማሁት።

ዘመድኩን መሪውን ይዞ ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ አንተው አስተማርከኝ፣ ጌታ ደግሞ አጸደቀው። አሁን ምን ነካህ? ቀናህ እንዴ?"

አዎ አልኩት። ቀንቼ ነው አልኩት። ይቅር ብሎ አቀፈኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

በረዶ ጣለ። ሲያትል እንዲህ ያለ ነገር አለመደችም፤ አውቶቡሱ ዳገት ላይ አግድም ቆሟል። ዘመድኩን ኬንት ከተማ ነው ያለው፣ ደህና ነው። አገሩ ሜዳ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 22

ለበረዶ ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ገዝተሃል ወይ ብዬ ደወልኩለት። ገዝቻለሁ አለ። ታስራለህ? አልኩት። ሳቀ። "ሰንሰለት ለማያስብ ፍሬን ነው።"

ያ አባባል የኔ ነው የሚመስለው። ድምፁ ሁሉ የኔ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 27

እንደገና በረዶ። ዘመድኩን ያኪማ፣ ፖም ይጭናል። በስኖኳልሚ ተራራ ነው የሚመለሰው። ቁልቁለት።

ከጋራዥ ደወልኩ፣ የፖሙ መጋዘን አያነሳም።

ከቤት ደወልኩ። ተነሣ። ወጥቷል አሉኝ፣ ቆየ አሉ።

ለመንገድ ፖሊስስ ልደውል? ምን ልበል? ወንድማችን የሚያምነው ፍሬን አለ፣ እንዳያምነው ንገሩልኝ ልበል?

ማንአልሞሽ ከወጥ ቤት ወጥታ ስልኩን ይዤ አየችኝ። ለማን ነው አለችኝ። ለዘመድኩን አልኩ፤ ፍሬኑ... አልኩና አልጨረስኩም። ወደ መኝታ ቤት ገባች። የቁልፍና የክር ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን ይዛ መጥታ ከፈተችው፣ አምፖሏን አውጥታ ስልኩ አጠገብ አስቀመጠቻት።

"ከጸሎቱ ማግስት ከኪስህ አወጣኋት" አለች። "ትነግረኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ምንድናት?"

"አምፖል ናት።"

"አምፖል መሆኗን አይቻለሁ። ትሠራለች?"

"ትሠራለች።"

ተቀመጠች። ወንድሜ ያውቃል ወይ አለችኝ። አምፖሏን አየሁ። "ኦኬ" አለች። ቢያንስ ብትጮህብኝ። ቢያንስ ሳህን ብትሰብር። "ኦኬ" ብላ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች፣ መንገዱ ከዚያ የሚታይ ይመስል።

ያቺን ቃል ከመጻፍ ሌላ ሥራ የለኝም አሁን። ኦኬ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

መጣ። በእግሩ ቆሞ፣ አገጩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ አንድ ካርቶን የተቀጠቀጠ ፖም ታቅፎ።

የምስጋና ቀን ነውና ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ጋሽ ገመዳም ነበሩ። ቱርኩ ሳይቆረስ ታሪኩ ተቆረሰ። ቁልቁለቱን ሳይጀምር ሰንሰለቱን አውልቋል፤ ዳገቱን ለመውጣት ብቻ ነው ያሰረው። ጥምዝ ሲያልፍ፣ ጣሪያዋ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ የታሰረባት አንዲት ትንሽ መኪና መንገዱ መሃል አግድም ሆናለች። ውስጧ አንዲት ሴትና ልጆች።

"ጋሼ እንዳስተማረኝ አደረግኩ" አለ። "ረግጬ ያዝኩ። ከዚያ በመስኮት ተሳቢዬን አየሁት። አጠገቤ መጥቷል። ጎረቤት ትራክ ነው ብዬ ልረግመው ነበር።"

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ሹካውን ሳያነሣ ቀጠለ። የመኪናዋን መስተዋት በጎኑ ገጭቶ ሰብሮ አለፋትና ዳር ከተከመረው በረዶ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ወርዳ የልጆቿን ኮፍያ አንድ በአንድ ታስተካክል ነበር አለ፣ ኮፍያው የተፈታ ይመስል። ከትራኩ የተጎዳው ፓራፋንጎውና ፖሙ ብቻ ነው።

"ፍሬኑ አሰበልኝ" አለ። "ባይኖር እኔም እነሱም የለንም። እሁድ እመሰክራለሁ።"

እልልታ ሆነ። ጋሽ ገመዳ እልል አላሉም። ማንአልሞሽ የቱርኩን ሳህን ይዛ እየዞረች እኔ ጋ ደረሰች። "የቱን ልስጥህ?" አለችኝ፤ እንደ እንግዳ፣ በትሕትና።

ከእኔ የሚፈለገው እንግዲህ ዝም ማለት ብቻ ነው። ማንም አልሞተም። ሁሉም ተደስቷል። ኢንጂነርነቴም ጸድቋል፣ ተአምሩም ሁለተኛ ሆኗል። ያ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው በረዶ ከዚህኛው ይበልጥ አምኖ ይረግጣል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 30

ዘመድኩንን ጋራዥ ጠራሁት። ፓራፋንጎውን ላቃናልህ አልኩት። አቃናሁለትም። ከዚያ ጋቢና ግባ አልኩት። እኔም በወዲያኛው በር ገባሁ። ከኪሴ አምፖሏን አወጣሁ። ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ አምፖሏን ቦታዋ ላይ አስገባኋት፣ ቁልፉን አዞርኩ።

በራች። ቢጫ፣ ንጹሕ፣ ጤነኛ።

ዘመድኩን አያት። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ቀጥሎ እንደገና እሷን። ፊቱ ላይ የጸሎቱን ቀን፣ ምስክርነቱን፣ ፓርኪንጉ ላይ ያቀፈኝን፣ ስኪ የተጫነባትን መኪና፣ ሁሉንም በየተራ ሲያልፉ አየኋቸው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጋቢናው ለመማታት ይበቃል። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰርጉን፣ ማጨብጨቡን፣ ኢንጂነር መባሉን፣ ውኃ የሞላውን ሳጥን። አንዱንም አልጠየቀኝም።

እግሩን ፍሬኑ ላይ አደረገ።

"ታዲያ አሁን እንዴት ነው የምረግጠው?" አለኝ።

ግቢው በረዶ ነበር። ጨለማ እስኪሆን ድረስ ስንዞር ቆየን፤ ቀስ፣ ለቀቅ፣ ቀስ፣ ለቀቅ። ሲሄድ ጋሼ አላለኝም።

እሁድ፣ ዲሴምበር 1

በምስክርነት ሰዓት ዘመድኩን ከመነሣቱ በፊት ተነሣሁ። ከዚህ በታች ያለውን ከወረቀት አነበብኩ፣ ምክንያቱም በቃሌ ብናገር ትከሻዬ እንደሚገባበት አውቃለሁ። ስጨርስ ጋሽ ገመዳ ከፊት ወንበር ተነሥተው፣ እሳቸው የጸለዩት ልጁ በሰላም እንዲመለስ መሆኑን፣ ልጁም ይኸው መመለሱን ተናገሩ። ቀጥለውም ቶስተሮቻችሁን ከቤቴ ውሰዱ አሉ። ማንም አልሳቀም፣ እኔም።

ዘመድኩን በሌላኛው ረድፍ ተቀምጧል። ማንአልሞሽ ከአጠገቤ አልተነሣችም፤ ጉልበቴንም አልነካችም።

ማስተካከያ። በኦክቶበር 12 በዚህ ደብተር በወጣው ዜና ዕረፍት፣ የዘመድኩን ትራክ የፍሬን መብራት አምፖል በተፈጥሮ ሞት እንዳረፈች መገለጹ ይታወሳል። ዜናው ሐሰት ነው። አምፖሏ ታማም አታውቅም። በዕለቱ በፒንሳ ነቅሎ ኪሱ የከተታት የደብተሩ ባለቤት ነው። በአሁኑ ጊዜ አምፖሏ ወደ ቀድሞ የሥራ ቦታዋ ተመልሳ፣ ፍሬኑ እንደማያስብ በማሳወቅ ላይ ትገኛለች። በዚያው ዜና ላይ "በአልጋዋ አጠገብ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ" የተባለው ግን ትክክል ስለሆነ አይታረምም።